ሐምሌ ላይ የወየበችው ሞንስቴራ፦ የአንድ ተክል ሕመምና ማገገም

አክስቴ አሜሪካ ልጇ ጋ ለመኖር ስትሄድ የቤት ዕቃዋን ሸጠች፤ የቀረውን ለዘመድ አከፋፈለች። አንድ ነገር ግን ለማንም አልሰጠችም። ከትንሽ ቁራጭ አንስታ በረንዳዋ ላይ ሦስት ዓመት ያሳደገቻትን ሞንስቴራ። መጋቢት 2015 ዓ.ም. ልትሄድ አንድ ሳምንት ሲቀራት ጠራችኝ። "እሷን ላንተ ነው የምሰጥህ" አለችኝ። "አደራ ልጄ፣ ውሃ እንዳታስጠማት።"

ዘጠኝ ቅጠል ነበራት። የትልቁን ቅጠል ወርድ ለካሁት፤ 45 ሳንቲ ሜትር ነበር። ነሐሴ አጋማሽ ላይ አራት ቅጠል ቀራት፤ ከስሯም አብዛኛው በስብሶ ነበር። ውሃ አላስጠማኋትም። የሆነው የዚያ ተቃራኒ ነው።

የሆነውን ሁሉ በዝርዝር የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። አሁን አዲስ አበባ ውስጥ ትልልቅ ቅጠል ያላቸው ተክሎች ያልገቡበት ቤት ጥቂት ነው። የብዙ ወዳጆቼ ተክሎች ደግሞ በየዓመቱ በዚያው ወቅት፣ በዚያው መንገድ ሲሞቱ አያለሁ። ክረምት ላይ። ሰው ደግሞ "እጄ ለተክል አይሆንም" ብሎ ይተዋል። ጥፋቱ የእጅ አይደለም።

ስለ ተክሏ ትንሽ ልበል

ሞንስቴራ የትውልድ ቦታዋ ከደቡብ ሜክሲኮ እስከ ፓናማ የሚዘልቀው ሞቃትና እርጥብ ጫካ ነው። ሞንስቴራ ዴሊሲዮሳ የሚለውን ሳይንሳዊ ስም የሰጣት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው የዴንማርክ የዕፅዋት ተመራማሪ ሊብማን ነው። ዴሊሲዮሳ ጣፋጭ ማለት ነው፤ ስሙ የመጣው ከፍሬዋ ነው። ፍሬዋ ለመብሰል ከአንድ ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ቤት ውስጥ ግን ፍሬ ማፍራቷ ብርቅ ነው፤ የምትያዘው ለቅጠሏ ነው። ቅጠሏ ሲጎለምስ ዳሩ ይተለተላል፤ መሐሉም ላይ ክፍተት ያወጣል።

ለእኛ ሰው እንግዳ ብትመስልም ዘመዷን እናውቀዋለን። ጎዳሬ የዚሁ ቤተሰብ ተክል ነው። ጎዳሬ በደንብ ካልበሰለ አፍና ጉሮሮ እንደሚያሳክክ በልቶ ያደገ ሰው ያውቃል። የሚያሳክከው ካልሲየም ኦክሳሌት የሚባል፣ እንደ መርፌ የሾለ ጥቃቅን ክሪስታል ነው። ይኸው ነገር በሞንስቴራም ቅጠልና ግንድ ውስጥ አለ። ስለዚህ የሚድህ ሕፃን ወይም ቅጠል የምታኝክ ድመት ያለችበት ቤት ውስጥ ከፍ ያለ ቦታ ያስፈልጋታል።

ሌላም ማወቅ የሚገባ ነገር አለ። ጫካ ውስጥ መሬት ላይ ጀምራ በትልቅ ዛፍ ግንድ ላይ የምትወጣ ተክል ናት። ከግንዷ በአየር ላይ የሚንጠለጠል ስር ታወጣለች፤ በእሱ ዛፉን ትይዛለች። ዝናብ ቶሎ ቶሎ ያገኛታል፤ ውሃው ግን ስሯ ስር አይተኛም። በበሰበሰ ቅጠልና በዛፍ ልጣጭ መካከል ሾልኮ ይወርዳል። እኔ ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

እኔ ቤት እንዴት ኖረች

ቤቴ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ። አክስቴ ጋ በረንዳ ላይ፣ ጥላ ሥር፣ ግን ሰማይ በሚታያት ቦታ ነበረች። እኔ ሳሎን ጥግ፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀመጥኳት። ከመስኮቱ አራት ሜትር ያህል ይርቃል። ቦታው ያምርባት ነበር። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው እሷን ነበር።

አክስቴ የተከለችበት ላስቲክ አላማረኝም። ትልቅ ነጭ ፖት ገዛሁ፤ ወርዱ 30 ሳንቲ ሜትር። ከታች ቀዳዳ አልነበረውም። ሻጩ "ከሥሩ ጠጠር አድርግበት፣ ውሃው እዚያ ይጠራቀማል" አለኝ። አደረግሁ። በላዩ ከሰፈር ያመጣሁትን ቀይ አፈርና ፍግ ሞላሁበት።

የእኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። የኛ ቀን ቅዳሜ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት በርሜልና ጀሪካን ይሞላል፣ ልብስ ይታጠባል፣ ቤት ይወለወላል። ተክሏም በዚያው ቀን ሁለት ሊትር ታገኛለች። ሳያቋርጥ፣ በየሳምንቱ። አደራ ስለሆነ አንድም ቅዳሜ አልዘለልኩም።

መጋቢት፣ ሚያዝያና ግንቦት ደህና ነበረች። አንድ አዲስ ቅጠልም አወጣች። ያ ቅጠል ከቀደሙት ያነሰ ነበር፤ ክፍተትም አልነበረውም። ምልክት ነበር፤ ለእኔ ግን ልጅ ስለሆነ ነው የመሰለኝ። ተክሏ ግን ብርሃን እያነሰኝ ነው እያለች ነበር።

ሰኔ ሲገባ ስለ እንክብካቤዋ ቪዲዮ ማየት ጀመርኩ። ብዙዎቹ ከእንግሊዝና ከአሜሪካ ናቸው። ሁሉም የሚሉት አንድ ነው። በዊንተር፣ ማለት ከኅዳር እስከ የካቲት፣ ውሃ ቀንሱ፤ ማዳበሪያም አትስጡ። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ግን የዕድገት ወቅት ስለሆነ ውሃም ማዳበሪያም ጨምሩ። ሰኔና ሐምሌ አልኩና ጨመርኩ። ቅዳሜ ላይ ረቡዕን ደረብኩበት። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ዩሪያም በጠበጥኩላት።

የዚህ ሁሉ ጉዳይ እምብርት እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ እቆያለሁ።

ለንደን ውስጥ በሰመር ቀኑ ከ16 ሰዓት በላይ ይረዝማል። በዊንተር ወደ 8 ሰዓት ይወርዳል። ተክል በብርሃን ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ የእነሱ ምክር ለእነሱ ፍጹም ትክክል ነው። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ነው የምትርቀው። በረጅሙና በአጭሩ ቀናችን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ገደማ ነው። የእኛን ብርሃን የሚቆርጠው የቀኑ ማጠር አይደለም፤ ደመናው ነው። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ የሚበረታበት፣ ሰማዩ ለቀናት የሚዘጋበት ጊዜ ነው። ቤት ውስጥ ያለች ተክል ጨለማው የሚበዛባት ያኔ ነው። አየሩም እርጥብ ስለሆነ ከቅጠሏ የሚወጣው ውሃ ይቀንሳል፤ አፈሩም ቶሎ አይደርቅም። ታኅሣሥና ጥር ግን ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ፀሐዩ ብርቱ፣ አየሩ ደረቅ ነው።

እንግዲህ የእነሱ ዊንተር ለተክሉ የሚያመጣው የብርሃን ማነስ እኛ ጋ የሚመጣው በክረምት ነው። በወር ስም ስትሄድ ነገሩ ይገለበጥብሃል። የሚገርመው፣ ዊንተር የሚለውን ቃል በቃሉ "ክረምት" ብዬ ተርጉሜ ይዤው ቢሆን ኖሮ ተክሏ ባልታመመች ነበር።

መታመሟን ያየሁበትና ያላየሁበት

ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ከታች ያለ አንድ ቅጠል ወየበ። አንድ ቅጠል ማርጀቱ ያለ ነው ብዬ ቆረጥኩት። በሳምንቱ ሌላ ደገመ። ከዚያ ጠዋት ጠዋት የቅጠሎቹ ጫፍ ላይ የውሃ ጠብታ ማየት ጀመርኩ። ያማረ ነበር፤ ፎቶ አንስቼ ለአክስቴ ላክሁላት። ጠብታው ሌሊት ስሩ የሚገፋው ውሃ በቅጠሉ ጫፍ ሲወጣ ነው። በራሱ በሽታ አይደለም፤ ግን አፈሩ በውሃ የጠገበ መሆኑን ይናገራል።

ከዚያ ጥቃቅን ጥቁር ዝንቦች መጡ። ከፖቱ ላይ ተነስተው የሻይ ብርጭቆ ውስጥ የሚገቡት ዓይነት። እጫቸው እርጥብና የበሰበሰ ነገር ያለበት አፈር ውስጥ ነው የሚያድገው። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ደግሞ ቅጠሎቹ ላይ ጠቆር ያለ፣ ዙሪያው ቢጫ የሆነ ነጥብ ወጣ። በመጨረሻም ቅጠሎቹ ጠወለጉ። ተንጠለጠሉ።

ጠውልጋ ሳያት ጠማት አልኩ። ሌላ ሁለት ሊትር ሰጠኋት።

ብዙ ተክል የሚሞተው በዚህች ቅጽበት ነው። ስሩ የበሰበሰ ተክልና የተጠማ ተክል ከላይ ሲያዩአቸው አንድ ናቸው። ሁለቱም ይጠወልጋሉ። የተጠማው ውሃ ስለሌለ ነው። የበሰበሰው ግን ውሃ ውስጥ ተቀምጦ፣ ውሃውን የሚስብበት ስር ስለጠፋው ነው። ልዩነቱን የሚነግርህ ቅጠሉ አይደለም። ጣትህን አፈር ውስጥ ስትከት ነው።

ነሐሴ 8 ቀን ሥራ ቀርቼ መንገድ ዳር ችግኝ ወደሚሸጡ አንድ አዛውንት ሄድኩ። ስልኬ ላይ ፎቶዋን አሳየኋቸው።

"ጋሼ፣ ቅጠሏ ወይቦ ረገፈ። የሚረጭ መድኃኒት ይኖርዎታል?"

ፎቶውን አላዩትም ማለት ይቻላል። "ስሯን አይተኸዋል?" አሉኝ።

"አላየሁም።"

"እንግዲህ ሂድና እየው። ቅጠሉ ላይ የምታየው ወሬው ነው የኔ ልጅ። ነገሩ ያለው ከታች ነው።"

መድኃኒት ሊሸጡልኝ ይችሉ ነበር። አልሸጡልኝም። ለዚህ ሁልጊዜ አመሰግናቸዋለሁ።

ስሩ ሲታይ

ማታውኑ ወለሉ ላይ ፕላስቲክ ዘርግቼ አወጣኋት። ሽታው ቀድሞ ወጣ፤ የረጋ ኩሬ ሽታ። ከሥር ያለው ጠጠር ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ ነበር። አፈሩ እንደ ጭቃ ተጣብቋል። ጤነኛ የሞንስቴራ ስር ነጭ ወይም ክሬም ቀለም ያለውና ሲነኩት ጠንከር የሚል ነው። የእሷ ስር ቡናማ ሆኗል። ሳብ ሳደርገው ልጣጩ እጄ ላይ ቀርቶ መሐሉ እንደ ክር ይወጣል። ከሦስት እጅ ሁለቱ እንደዚያ ነበር።

ምክንያቱ አንድ አልነበረም። ስር መተንፈስ አለበት፤ ኦክስጅን ይፈልጋል። በአፈር ቅንጣቶች መካከል ያለው ክፍተት በውሃ ሲሞላ አየር አይገባም። ኦክስጅን በውሃ ውስጥ የሚሰራጨው በአየር ውስጥ ከሚሰራጨው በ10,000 እጥፍ ገደማ በዘገየ ፍጥነት ነው። ስሩ ይታፈናል። የታፈነውን ስር ደግሞ እንደ ፒቲየም ያሉ፣ እርጥበት የሚወዱ ረቂቅ ተሕዋስያን ያጠቁታል። ውሃው የሚወጣበት ቀዳዳ የለም። አፈሩ ከባድ ቀይ አፈር ነው። ብርሃን ስለሌለ ተክሏ ውሃውን አትጠቀምም። ሳምንት ሲሞላ ደግሞ ሌላ ውሃ ይመጣል። አንዱ ብቻ ቢሆን ምናልባት ትችለው ነበር።

ስለ ጠጠሩ አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን ምክር ሁሉም ሰው ይሰጣልና። ከፖት ሥር ጠጠር ማድረግ ውሃ አያስወጣም። ደቃቅ አፈር ውሃን እንደ ስፖንጅ ይዞ ይቆያል፤ በጣም እስኪጠግብ ድረስ ወደ ሰፊው የጠጠር ክፍተት አያወርደውም። ስለዚህ ረግረጉ ከፖቱ ወለል ወደ ጠጠሩ አናት ከፍ ይላል እንጂ አይጠፋም። ለስሩ የሚቀረው ደረቅ ቦታ እንዲያውም ያንሳል። የሚያስፈልገው ቀዳዳ ነው።

ያደረግሁላት

ስሯን ለብ ባለ ውሃ አጠብኩ። መቀሱን በአልኮል ጠርጌ የበሰበሰውን ሁሉ ቆረጥኩ። ማዘን አያስፈልግም፤ የሚያሟልጭ ስር አንድም ከተረፈ በሽታው ይቀጥላል። የተጎዱትን ቅጠሎችም አነሳሁ። አራት ቀሩ።

ከዚያ ለመጠባበቂያ ከአናቷ ቁራጭ ወሰድኩ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቅጠሉን ከነዘንጉ ብቻ ቆርጠህ ውሃ ውስጥ ብታስቀምጠው ለወራት አረንጓዴ ሆኖ ሊቆይ ይችላል፤ ስርም ሊያወጣ ይችላል። አዲስ ተክል ግን በፍጹም አይሆንም። አዲሱ ቡቃያ የሚወጣው ከአንጓው ነው። የሞንስቴራ ግንድ እንደ ሸንኮራ አገዳ አንጓ አንጓ አለው። ሁለት አንጓና አንድ የአየር ስር ያለውን ቁራጭ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ አደረግሁት። ውሃውን በየአራት ቀኑ ቀየርኩ። በሦስተኛው ሳምንት ነጭ ስር አወጣ።

እናቲቱን ወደ ትንሽ ፖት አዛወርኳት። ወርዱ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ያልተቀባ ሸክላ፣ ከሥሩ ቀዳዳ ያለው። ሰው "ለታመመች ሰፋ ያለ ቦታ ስጣት" ይላል። ተቃራኒው ነው ትክክሉ። ስር ያነሳት ተክል ብዙ አፈር ውስጥ ከገባች ያ ሁሉ አፈር ውሃ ይዞ ይቀመጣል፤ የሚጠጣው ስር ግን የለም። ፖት የሚለካው በስር እንጂ በቅጠል አይደለም።

አፈሩን ለማግኘት ቀላል መንገድ አለ፤ ይህን በማወቄ በጣም ደስ ብሎኛል። ፈረንጆቹ ፐርላይት የሚባል ቀላል፣ አየር የሚይዝ ነገር ይቀላቅላሉ። እኛ ጋ ብሎኬት የሚያመርቱ ልጆች የሚጠቀሙበት ፑሚስ አለ። ከእሳተ ገሞራ የመጣ፣ በጥቃቅን ቀዳዳ የተሞላ ቀላል ድንጋይ ነው። ቀይ አሽም እንደዚያው ይሠራል። የሰፈራችን ብሎኬት አምራቾች ግማሽ ከረጢት በነፃ ሰጡኝ። በወንፊት ነፍቼ ዱቄቱን ጣልኩት፤ ከሽምብራ እስከ ባቄላ የሚያክለውን ብቻ አስቀረሁና አጠብኩት። ሁለት እጅ ፑሚስ፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ ቀይ አፈር፣ ከላዩ አንድ እፍኝ የከሰል ስባሪ። ውሃ ሳፈስበት በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ከሥር ይወጣል። አክስቴ በቪዲዮ አይታ "ይሄ አፈር ነው ወይስ ጠጠር?" አለችኝ።

ማዳበሪያ አልሰጠኋትም። ስር የሌላት ተክል ማዳበሪያን መሳብ አትችልም፤ ጨዉ የቀረውን ስር ያቃጥላል። አንድ ጊዜ ብቻ አጠጥቼ ተውኳት። ለሁለተኛ ጊዜ ውሃ የጠየቀችው በ16ኛው ቀን ነው።

የጠየቀችው ስል እንዴት እንደማውቅ ልናገር። አንድ ቀጭን ደረቅ የቀርከሃ እንጨት አፈሩ ውስጥ እስከ ፖቱ ግማሽ ድረስ እሰካለሁ። ጥቂት ደቂቃ ቆይቼ አወጣዋለሁ። ኬክ መብሰሉን እንደምናይበት ማለት ነው። እርጥብ አፈር ተጣብቆበት ከወጣ አላጠጣም። ደርቆ ከወጣ ከሥር እስኪወጣ ድረስ አጠጣለሁ፤ ሳህኑ ላይ የተጠራቀመውንም እደፋለሁ። ፖቱን ማንሳትም ይረዳል፤ እጅ ክብደቱን በጥቂት ሳምንት ይለምደዋል። ቅዳሜ ውሃ ትመጣለች፤ ጀሪካን ውስጥ ትቀመጣለች። ተክሏ ግን ቅዳሜን አታውቅም።

መስኮቱ

ብርሃኑን መለካት ፈለግሁ። ስልኬ ላይ የብርሃን መለኪያ አፕ ጫንኩ። ስልክ ትክክለኛ መሣሪያ አይደለም፤ ልዩነቱን ለማየት ግን ይበቃል። በነሐሴ ቀትር፣ ሰማዩ ደመና ሆኖ፣ ሳሎኑ ጥግ 120 ሉክስ አሳየኝ። ከምሥራቁ መስኮት አንድ ሜትር ላይ 2,600። ዓይናችን ሁለቱንም "ብርሃን አለ" ነው የሚለን። ዓይን ራሱን ስለሚያስተካክል ያታልላል። ለተክሏ ግን የመብላትና የመራብ ልዩነት ነው።

ምሥራቁ መስኮት አጠገብ አደረግኋት። ስለ መስኮት አቅጣጫም የውጭ ምክር እንዳለ አይሠራም። እዚህ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ አካባቢ የቀትር ፀሐይ ትንሽ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ በቀረው ጊዜ ወደ ደቡብ። ስለዚህ በደቡብ መስኮት ፀሐይ በደንብ ወደ ቤት የምትገባው በበጋ፣ ታኅሣሥ አካባቢ ነው። ያኔ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ የኛ ከተማ ከፍታ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ፀሐዩ ይበረታል። በቀጥታ ያረፈበት ቅጠል ይቃጠላል። ምሥራቅ ግን ዓመቱን ሙሉ ለስላሳ የጠዋት ፀሐይ ይሰጣል። ምርጫ ያለው ሰው ምሥራቅን ይምረጥ።

በጋው

መስከረምና ጥቅምት ምንም አልታየም። አልሞተችም፣ አላደገችምም። ከላይ ምንም ሳይታይ ከታች ስር እየሠራች ነበር። በዚህ ጊዜ በየቀኑ መነካካት የሚያምረው ሰው ራሱን መያዝ አለበት።

ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ቀዘቀዘ። መስኮቱ ሥር ትንሽ ቴርሞሜትር አስቀመጥኩ፤ ንጋት ላይ 12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያሳይ ነበር። ሞንስቴራ የምትወደው ከ18 እስከ 27 ያለውን ነው። ከ10 በታች ሲሆን ዕድገቷ ይቆማል፤ ቅጠሏም ሊጎዳ ይችላል። ማታ ማታ ከመስታወቱ ግማሽ ሜትር አራቅኋት፤ መጋረጃውንም በመካከል ዘጋሁ። ውሃውን ጠዋት፣ ለብ አድርጌ ሰጠሁ።

ጥር ላይ ሌላ ነገር መጣ። ቅጠሎቹ ላይ ነጣ ነጣ ያሉ ጥቃቅን ነጠብጣቦች፣ ከሥራቸውም ቀጭን ድር። ስፓይደር ማይት የሚባል ደቃቅ ተባይ ነው፤ የአበባ እርሻ የሠራ ሰው በደንብ ያውቀዋል። ደረቅ አየር ይመቸዋል። ሻወር ውስጥ አስገብቼ የቅጠሉን ሥርና ላይ ለብ ባለ ውሃና በትንሽ ፈሳሽ ሳሙና አጠብኩ፤ ከዚያም አለቀለቅሁ። በስድስት ቀን ልዩነት ሦስት ጊዜ ደገምኩት፤ ምክንያቱም እንቁላሉ በአንድ እጥበት አያልቅም። ጠፋ። ከዚያ ወዲህ በየሁለት ሳምንቱ ቅጠሉን በእርጥብ ጨርቅ እጠርጋለሁ። ወተት ወይም ዘይት የሚቀቡ ሰዎች አሉ፤ እንዲያብረቀርቅ ብለው። እባካችሁ ተዉት። አቧራ ይይዛል፤ ቅጠሉ የሚተነፍስበትንም ይደፍናል።

ምሰሶዋ

የካቲት 2016 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ ከአናቷ የተጠቀለለ አረንጓዴ ነገር ብቅ አለ። በየጠዋቱ ተነስቼ አየዋለሁ። ሊፈታ ሁለት ሳምንት ተኩል ፈጀ። ትንሽ ነበር፣ ክፍተት የለውም፤ ግን ጤነኛ ነበር። ከዚያ በኋላ ማዳበሪያ ጀመርኩ። በጣም የቀጠነ፣ በወር አንድ ጊዜ፣ እስከ ግንቦት ብቻ።

ምሰሶም ሠራሁላት። የባሕር ዛፍ እንጨት ላይ የቃጫ ገመድ ጥቅጥቅ አድርጌ ጠቀለልኩ። ገመዱን አልፎ አልፎ አረጥበዋለሁ፤ የአየር ስሯም ይዞታል። ይህ ለውበት ብቻ አይደለም። እነዚህ ተክሎች የሚይዙት ግንድ ሲያገኙ ቅጠላቸው እየሰፋ፣ ክፍተቱም እየበዛ ይሄዳል። የሞንስቴራ ወገን ችግኞች ገና ትንሽ ሆነው እንዴት ዛፍ እንደሚያገኙ ኮስታ ሪካ ውስጥ ተጠንቷል፤ ጥናቱ በ1975 እ.ኤ.አ. ታትሟል። አንድ የሞንስቴራ ዝርያ ችግኝ ወደ ብርሃን ሳይሆን ወደ ጨለማ ያድጋል። ጫካ ውስጥ በጣም የጨለመው አቅጣጫ ትልቅ ግንድ ያለበት ነውና። ግንዱን ሲያገኝ ወደ ብርሃን ይዞራል። ይህን ሳነብ ለረጅም ጊዜ ተክሏን ቁጭ ብዬ አየኋት።

ስለ ክፍተቶቹም ክሪስቶፈር ሚዩር የተባለ ተመራማሪ በ2013 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ሐሳብ አለ። ጫካ ውስጥ ፀሐይ ወደ ታች የምትደርሰው በብጭቅጫቂ፣ በአጋጣሚ ነው። በእኩል መጠን ቁስ የተሠራ ግን ክፍተት ያለው ቅጠል ሰፋ ያለ ቦታ ይሸፍናል። ስለዚህ ከዚያች ብጭቅጫቂ ብርሃን አንዷን የማግኘት ዕድሉ አስተማማኝ ይሆናል።

ክረምት 2016 ሲመጣ ማዳበሪያውን አቆምኩ። በሐምሌ የጠጣችው ሦስት ጊዜ፣ በነሐሴ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። አንድም ቅጠል አልወየበም። ያ ትንሽ ፈተና ነበር፤ ዝናቡ ሲወርድ በተቀመጥኩበት ሆዴ ይፈራ ነበር።

መስከረም 2017 ዓ.ም. ሁለተኛው ሳምንት ላይ ስምንተኛው ቅጠል ተፈታ። ዳሩ ተተልትሏል፤ መሐሉ ላይም አምስት ክፍተት አለው። ማታ ለአክስቴ ደወልኩና ካሜራውን ቅጠሉ ላይ አደረግሁት። ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ ቆጠረች።

"አምስት ናቸው" አለች። "የኔዎቹ ሰባት ይደርሱ ነበር። ምን ያህል ጊዜ ነው የምታጠጣት?"

"ስትጠይቅ ነው እቴቴ።"

ብርጭቆ ውስጥ ስር ያወጣው ቁራጭ አሁን ራሱን የቻለ ተክል ሆኗል፤ አራት ቅጠል አለው። እህቴ ቤት፣ የምሥራቅ መስኮት አጠገብ ነው። የእናቲቱ ስር ደግሞ በፖቱ ቀዳዳ በኩል ብቅ ማለት ጀምሯል። 24 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሸክላ ገዝቼ አስቀምጫለሁ። ፑሚሱም ታጥቦ ደርቋል። የማዛውራት ግን የካቲት ላይ ነው።